ከጮቄ ተራራ በላይ መቶ ኪሎ ሜትር፦ ራዳር በጎጃም ሰማይ ምን ያያል?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል ምድርን መታ። እንዲህ ያለው ከታየ ሃያ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። በዚያ ሌሊት አውሮራ የሚባለው የዋልታ ብርሃን፣ ወትሮ ከሚታይባቸው ከኖርዌይና ከካናዳ ሰማይ ወደ ደቡብ ወርዶ ሜክሲኮ ድረስ፣ በሕንድም በሂማሊያ ተራሮች መካከል ባለው ላዳክ ድረስ ታየ። ብዙ ሰው ስልኩን ወደ ላይ እያነሣ ሮዝና አረንጓዴ ሰማይ ፎቶ አነሣ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን አንዳች ቀለም አልታየም።

በዚህ ምክንያት አውሮራ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው ብሎ መተው ይቀላል። ነገር ግን ከዚያ ብርሃን ጋር አብሮ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ፍሰት የቅርብ ዘመድ አለው፤ እሱም በየቀኑ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር፣ ከጎጃም ደጋ በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይፈሳል። በዓይን አይታይም። ራዳር ግን ያየዋል፤ የሚያይበትም መንገድ አውሮራን ለማጥናት ከሚጠቅመው መንገድ ጋር አንድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ። ፀሐይ ሙቀትና ብርሃን ብቻ አትሰጥም፤ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶችም ያለማቋረጥ ከእሷ ይወጣሉ። ወደ ምድር ሲደርሱ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ያግዳቸዋል። መስኩ ሲታወክ ግን ከውስጡ የሚጣደፉ ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመር ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዱና ከላይኛው አየር ጋር ይጋጫሉ። የተመታው ኦክስጅን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አረንጓዴ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። የመስኩ መስመሮች ወደ መሬት ጠልቀው የሚገቡት በዋልታዎቹ አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑም የሚታየው እዚያ ነው። በእኛ ሰማይ መስመሮቹ አግድም ስለተዘረጉ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ታች የሚያወርድ መንገድ የለም።

አልፎ አልፎ ግን ማዕበሉ እጅግ ሲበረታ ብርሃኑ ወደ እኛም ይጠጋል። በጥር 1864 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1872፣ አውሮራ ቦምቤይና ካርቱም ድረስ ታይቷል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑበት ወር ነበር። ዓባይ ከጎጃም ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚገናኝባት ከተማ ላይ ሰማዩ መቅላቱ ምን ያህል እንደቀረበን ያሳያል።

አውሮራን በዓይን ወይም በካሜራ ብቻ መከታተል አይበቃም። ደመና ይጋርደዋል፤ ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን ይውጠዋል፤ በሰሜን አገሮች በጋ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ራሱ አይጨልምም። ብርሃኑ የሚነግረን ደግሞ ቅንጣቶቹ የት እንደወደቁ ነው እንጂ በዚያ ከፍታ ያለው ኤሌክትሪክ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይደለም። ራዳር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የራዳር አሠራር በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ለተጣራ ሰው እንግዳ አይሆንም። ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ እስኪሰማ የሚወስደው ጊዜ የገደሉን ርቀት ይናገራል፤ ራዳርም የሚለካው የላከው የሬዲዮ ሞገድ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ነው። ሞገዱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 105 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ለመመለስ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ በታች ይበቃዋል። ከዚህም በላይ የመለሰው ነገር ወደ ራዳሩ እየቀረበ ከሆነ ሞገዱ ጥቂት ጠብቦ፣ እየራቀ ከሆነ ሰፍቶ ይመለሳል። ከዚያ ልዩነት ፍጥነቱ ይሰላል። ርቀትና ፍጥነት ከታወቁ፣ ደመና ይኑር አይኑር፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ የላይኛውን ሰማይ እንቅስቃሴ መመዝገብ ይቻላል።

ግን እዚያ ላይ ሞገዱን የሚመልስ ምን አለ? ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየር እጅግ ሳስቶ የፀሐይ ጨረር ከፊሉን ወደ ኤሌክትሮንና ወደ አዮን ከፍሎታል። አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ንብርብር ነው። በውስጡ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍ አዮኖስፌሩ ይተራመሳል፤ ኤሌክትሮኖች በአንድ ስፍራ ይጠቀጠቃሉ፣ በቀጣዩ ይሳሳሉ፣ እንደገና ይጠቀጠቃሉ። ይህ መደዳ በራዳሩ ሞገድ ርዝመት እኩሌታ ሲገጥም ከየረድፉ የሚመለሱት ጥቃቅን ሞገዶች ይደጋገፉና ጎላ ያለ ማሚቶ ይሰጣሉ። በ50 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር የሞገዱ ርዝመት 6 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚያየው 3 ሜትር ርቀት ያላቸውን መደዳዎች ነው። ከአውሮራ የሚመለሰው ማሚቶ በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው።

አንድ ከባድ ሁኔታ ግን አለው። መደዳዎቹ የመግነጢሱን መስመር ተከትለው ስለሚዘረጉ ሞገዱ መስመሩን በቀጥታ ማዕዘን፣ በ90 ዲግሪ፣ ካላገኘው ማሚቶው ወደ ራዳሩ አይመለስም። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ በነፃ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ ወደ መሬት 78 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ያህል ናቸው። ስለዚህ በዚያ ያለ ራዳር አናቱ ላይ ያለውን አውሮራ በዚህ መንገድ ሊያየው አይችልም፤ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ርቆ ሞገዱን አግድም መላክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው ስቴር የተባለው ጥንድ ራዳር አንዱ በኖርዌይ ማልቪክ፣ ሌላው በፊንላንድ ሃንካሳልሚ የተተከለው ለዚሁ ሲባል ነው፤ ሁለቱም ከየቦታቸው ወደ ሰሜን እያዩ በአንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ።

ጎጃም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ከመልክዓ ምድራዊው ወገብ ጋር አንድ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ላይ በአዲስ አበባ አካባቢ ያልፋል። ደብረ ማርቆስ፣ ዳንግላም ሆነ ባሕር ዳር ከዚህ መስመር ብዙ አይርቁም። ያው መርፌ እዚህ ቢንጠለጠል አግድም ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። መስመሮቹ ስለተጋደሙ ራዳር አንቴናውን ወደ አናቱ ማቅናት ይበቃዋል፤ ቀጥታ ማዕዘኑን ያገኘዋል። የላይኛውን ሰማይ ለማጥናት ይህ እጅግ የተመቸ ቦታ ነው። ስለዚህ ቦታ እዚህ ባለን ሰዎች ዘንድ አለመነገሩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ፍሰቱ እንምጣ። ቀን ላይ ፀሐይ አየሩን ስታሞቅ በላይኛው ሰማይ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ አዮኖችን ይገፋቸዋል፤ ኤሌክትሮኖች ግን በመግነጢሱ መስመር ስለታሰሩ እንደ አዮኖቹ በነፋሱ አይነዱም። ከዚህ ልዩነት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያነጣጠረ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። በሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። መስመሩ በተጋደመበት በመግነጢሱ ወገብ ላይ ግን ወደ ላይና ወደ ታች መፍሰስ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ከላይም ከታችም መውጫ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሙል ይከማችና ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ የበረታ ቋሚ የኤሌክትሪክ መስክ ይወለዳል። ያም መስክ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ያስጋልባቸዋል፤ ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ሄደ ማለት የኤሌክትሪኩ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ነው ማለት ነው። ከመግነጢሱ ወገብ በግራም በቀኝም ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው፣ ምድርን ቀን በሆነበት ወገኗ የሚያካልለው ይህ ፍሰት ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣለት የእንግሊዙ ሊቅ ሲድኒ ቻፕማን ነው።

ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ከፍታ ካለው የአዮኖች ድምፅ ፍጥነት፣ በሴኮንድ 360 ሜትር ገደማ፣ ካለፉ ንብርብሩ ጸጥ ብሎ አይሸከማቸውም፤ ቅድም ያልናቸው መደዳዎች ይፈጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኬኔት ቦውልስና ባልደረቦቹ ፔሩ ላይ ወደዚህ ንብርብር ራዳር አቅንተው ያገኙትን ማሚቶ ሲያትሙ አጥብቀው ያነሡት ከአውሮራ ማሚቶ ጋር መመሳሰሉን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ዶናልድ ፋርሊና ኦስካር ቡነማን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ምክንያቱን በሒሳብ አሳዩ። ሒሳቡ ለፔሩም፣ ለኖርዌይም፣ ለጎጃምም የሚሠራ አንድ ሒሳብ ነው። በሰሜን ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣድፈው የመግነጢስ ማዕበል ነው፤ እዚህ የፀሐይ ሙቀትና የተጋደመው መስመር።

በአገራችን ይህን ፍሰት መከታተል የተጀመረው በራዳር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሱ ወገብ ያላት ቅርበት ታይቶ በዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቅብኝ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በሚመዘግበው በማግኔቶሜትር ወረቀት ላይ ያስተዋሉት ነገር ነው።

የአንድ ቀን ወረቀት እንዲህ ይነበባል። የምድር መስክ አዲስ አበባ ላይ 36,000 ናኖቴስላ አካባቢ ነው። ሌሊት መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ንጋት ላይ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ከሃምሳ እስከ መቶ ናኖቴስላ ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ ሲመሽ ወደ ሌሊቱ ቦታ ይመለሳል። ያ ጉብታ ከራሳችን በላይ የሚፈሰው የኤሌክትሮጄት አሻራ ነው። አባ ጉዋን ግን በአንዳንድ ቀናት መስመሩ ሲወርድ የሌሊቱን ደረጃ አልፎ ከሱ በታች ሲገባ አዩ። ፍሰቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ እየሄደ ነበር ማለት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ፤ በ1967 ደግሞ ከፒየር ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው ክስተቱን ካውንተር ኤሌክትሮጄት ብለው ሰየሙት። ዛሬ በሕንድም፣ በብራዚልም፣ በፔሩም የሚጠና ክስተት መጀመሪያ የተገለጸው ከአዲስ አበባ በወጣ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአጭር ሞገድ የሚሠሩ ራዳሮችን ወደ አገራችን አምጥተው ይህንኑ ፍሰት አጥንተዋል።

ሁለተኛ የራዳር ዓይነት አለ። ይኸኛው ትርምስ አይጠብቅም፤ ጸጥ ካለ አዮኖስፌር ውስጥ እንኳ ከነጠላ ኤሌክትሮኖች የሚበተነውን እጅግ ደካማ ማሚቶ ይለቅማል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው አሜሪካዊው ዊልያም ጎርደን ነው፤ በዚያው ዓመት ቦውልስ በተግባር አሳየው። ማሚቶው ደካማ ስለሆነ መሣሪያው ግዙፍ መሆን አለበት። ሊማ አጠገብ ያለው ሒካማርካ 300 ሜትር በ300 ሜትር ስፋት ላይ የተዘረጋ ሜዳ ሙሉ አንቴና ነው። በሰሜን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ትሮምሶ ላይ የሚሠራው ኢስካት አለ፤ የአውሮራን ውስጥ በዝርዝር ያሳየው እሱ ነው። የኤሌክትሮኑን ብዛት፣ ሙቀቱን፣ የአዮኑን ሙቀትና የሚጓዝበትን ፍጥነት በየከፍታው ለይቶ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ነው ጎጃም እንደገና የሚገባው። ደካማ ማሚቶን ለመስማት ረጅም ሞገድ፣ ማለትም ረዘም ላለ ጊዜ ሳይቋረጥ የሚላክ ሞገድ፣ መላክ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጉልበት ስለሚይዝ። ረጅም ሞገድ ግን ከ100 ኪሎ ሜትርና ከ130 ኪሎ ሜትር የመጣውን ማሚቶ ያደባልቀዋል። ሞገዱ ለአጭር ጊዜ ብቻ ቢላክ ከፍታው ይለያል፤ ድምፁ ግን ይጠፋል። መላው፣ ረጅሙን ሞገድ በጥቃቅን ክፍሎች ከፍሎ አንዳንዶቹን በታወቀ ቅደም ተከተል እየገለበጡ መላክ ነው፤ ሲመለስ ያው ቅደም ተከተል በኮምፒዩተር ይፈታና የአጭሩ ሞገድ ጥራት ከረጅሙ ጉልበት ጋር አብሮ ይገኛል። የትኛው ቅደም ተከተል ይሻላል የሚለው ራሱን የቻለ ከባድ ሒሳብ ነው። ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ባይሌ ዳምጤ እ.ኤ.አ. በ2004 በፊንላንድ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በእንዲህ ዓይነቱ ራዳር የመለኪያ ዘዴ ላይ ነው፤ ከፊንላንድ ባልደረቦቻቸው ጋርም በዚህ የሞገድ ሒሳብ ላይ በተከታታይ አሳትመዋል። ለአውሮራ አገር የዳበረውን ዕውቀት ይዘው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ፤ በኋላም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዩኒቨርሲቲው ያለው የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ምርምር ላቦራቶሪ ዋሸራ ይባላል፤ የጎጃም የቅኔ መፍለቂያ በሆነችው በዋሸራ ስም። በዚህ ሰማይ ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ከዚህ ቤት ስም ጋር ለዓለም ሲያወጡ ማየት ያኮራኛል።

ታዲያ የሰሜኑ አውሮራና የእኛ ፍሰት የሚገናኙት በሒሳብ ብቻ ነው? አይደለም። ከፍተኛ ማዕበል ሲነሣ ዋልታው ላይ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ምድር ወገብ ድረስ ዘልቆ ይገባል። በሰሜን አውሮራው ሲነድድ በእኛ ሰማይ ያለው ፍሰት አብሮ ይዘላል፣ ወይም በድንገት ይገለበጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ በዋልታው የሞቀው አየር ነፋሱን ወደ ወገቡ ሲገፋው ሌላ ለውጥ ይከተላል፤ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ይቆያል። አውሮራው በማይታይበት ደብረ ማርቆስ ማዕበሉን በመሣሪያ መከታተል ይቻላል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዳወቀ ይዘንጋው የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአሜሪካዊው ማርክ ሞልድዊን ጋር ሆነው አምበር የተባለውን የአፍሪካ የማግኔቶሜትር መረብ የመሠረቱት እንዲህ ያለውን ክትትል ለማድረግ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ አዲግራት ላይ ተተክሏል። ሁለት መሣሪያ፣ አንዱ ወገቡ ላይ ሌላው ራቅ ብሎ፣ ተተክለው ንባባቸው ከተቀናነሰ የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ብቻውን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ደግሞ የዓለም ተመራማሪዎች በቻፕማን ስም በሚጠራው ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የመከሩት፣ ይህ ሁሉ ከአንዱ የዓለም ክፍል ወደ ሌላው ለምን እንደሚለያይ ነበር። ፔሩ ላይ የተለካውን ወስዶ ስለ ጎጃም መናገር አይቻልም። ፀሐይ በ11 ዓመት ዙር የምትበረታና የምትደክም ስለሆነችም ለጥቂት ወራት ብቻ መጥቶ የሚመለስ መሣሪያ አይበቃም፤ እዚሁ ተተክሎ፣ እዚሁ ባደጉ ባለሙያዎች እጅ ዓመት ከዓመት የሚሠራ ያስፈልጋል።

ይህ ለተመራማሪ ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ንብርብር ቶሎ ይጠፋል፤ የላይኛው ደግሞ ሽቅብ ይነሣል። ከሥሩ ኤሌክትሮን የሳሳበት አየር ወደ ላይ ይፈላል፤ የፕላዝማ አረፋ ይሉታል። ቀጥ ብሎ የሚያይ ራዳር ይህን ከሥር ተነሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚወጣ ጭስ መሰል ነገር አድርጎ ያሳየዋል። በሳተላይት የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው አረፋው ከሌሎች የምድር ወገብ አካባቢዎች ይልቅ በአፍሪካ ላይ ይበዛል። የሚበረታውም ሌሊትና ቀን በሚስተካከሉባቸው በመጋቢትና በመስከረም ወራት አካባቢ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት።

በጎጃም ገጠር በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የኖረ ሰው ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ዶይቸ ቬለን፣ በ3 ሰዓት የአሜሪካን ድምፅ ለመስማት ራዲዮኑን ከበው ሲቀመጡ ድምፁ ጎልቶ ይመጣና ወዲያው ይርገበገብ፣ ይሰምጥ፣ እንደገና ይወጣ ነበር። አንቴናውን ይስቡት፣ ሽቦ ይቀጥሉለት፣ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ሆን ተብሎ የሚታፈንበት ዘመንም ነበር፤ እሱ በሚያጉረመርም ድምፁ ይለያል። ይርገበገብ የነበረው ግን አንዳንዴ የሰማዩ አረፋ ሥራ ነው፤ ሞገዱ ከተተራመሰ ንብርብር ላይ ስለሚነጥር።

ዛሬ በራዲዮኑ ቦታ ጂፒኤስ ገብቷል። የሳተላይቱ ምልክት አዮኖስፌርን ሲያቋርጥ ይዘገያል፤ የኤሌክትሮኑ ብዛት ጫፍ ላይ በሚደርስበት ከሰዓት በኋላ መዘግየቱ በሜትሮች የሚቆጠር ስሕተት ያመጣል። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ የመሬት መለኪያ ይህን አቀናንሶ ያጠፋዋል፤ በስልክ ውስጥ ያለው ርካሽ መቀበያ ግን ብዙውን ጊዜ በግምት ያርመዋል። የምሽቱ አረፋ ከዚህ ይብሳል። ምልክቱን ያንቀጠቅጠውና መቀበያው ሳተላይቱን ጨርሶ ይጥላል፤ ያኔ ሁለት ፍሪኩዌንሲም አያድንም። ለቀያሽ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ሥራውን ቀን ላይ ይጨርሳል። በምሽት ለማረፍ ለሚወርድ አውሮፕላንና ቀን ከሌት ለሚመዘግቡ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ግን አረፋው መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አረፋው ገና ከሥሩ ሲነቃነቅ የሚያየው ደግሞ ወደ አናቱ የቀና ራዳር ነው።